በሃምሳ ስምንት ኪሎ ልክ

ስምንት ዓመቴ ላይ ሃምሳ ስምንት ኪሎ ለመሆን ወስኜ ነበር። ያኔ ሃያ አራት ኪሎ ነበርኩ፤ እሱም ጫማዬን ሳላወልቅ። የቀረኝ ሠላሳ አራት ኪሎ ብቻ ነው ብዬ ጠዋት ሁለት ዳቦ፣ ቀን ሦስት ዳቦ፣ ማታ ደግሞ ያገኘሁትን ሁሉ መዋጥ ጀመርኩ። ሳቁ እንግዲህ። ለእኔ ግን ቀልድ አልነበረም። አንድ የመኪና ወንበር ከእጄ ሊያመልጥ ነው ብዬ ልቤ ተሰቅሎ ነበር የከረመው።

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልጀምር። ወሬ ከመሃል መጀመር ልማዴ ነው፤ ባለቤቴ በዚህ ነገር ሁልጊዜ ይማረርብኛል።

አባቴ የመኪና ጎማ አቋቋም አስተካካይ ነበር። ሞተር አይነካም፣ ፍሬን አይፈታም። የሱ ሥራ ጎማዎቹ እንዴት እንደቆሙ ማየት ነው፤ ወደ ውስጥ ነው የሚያዩት ወይስ ወደ ውጭ፣ ቀጥ ብለዋል ወይስ ዘመም ብለዋል፣ መሪውን ቢለቁት መኪናው መንገዱን ይዞ ይሄዳል ወይስ ወደ ቦይ ይጎትታል። ዛሬ በኮምፒውተር የሚሠራውን እሱ በሲባጎ፣ በቱንቢ፣ በውሃ ልክና ጫፏ በተበላ የብረት ማስመሪያ ነበር የሚሠራው። ሰፈሩ በሙሉ «ሚሊሜትር» ነው የሚለው። ፖስተኛው እንኳ ደብዳቤ ሲያመጣ «ሚሊሜትር አሉ?» ብሎ ነው የሚያንኳኳው።

መንገድ ላይ አብሬው ስሄድ የሰው ፊት ሳይሆን የሰው እግር ነበር የሚያየው። «ያ ሰውዬ ግራ እግሩ ወደ ውጭ ተከፍቷል፤ ጫማው በውጭ በኩል ነው የሚያልቀው» ይለኛል። እኔም የተማርኩትን ይዤ ሄጄ አስተማሪዬን «ቲቸር፣ የእርስዎ ሁለቱም ጎማ ወደ ውስጥ ነው የሚያየው» ብያት ወላጅ አምጪ ተባልኩ። አባቴ መጣ፣ አስተማሪዋን ይቅርታ ጠየቀ፣ ስንወጣ ደግሞ ዞር ብሎ እግሯን አየና «ትክክል ነሽ» አለኝ። እኔን ሮንዴላ ነበር የሚለኝ፤ ብሎንና ዳዶ መሃል እንደምትገባው ትንሽ ቀለበት ሁልጊዜ መሃል ስለምገባ።

እናቴ ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ ነው የሞተችው። ያሳደገችኝ የአባቴ ታናሽ እህት ናት፤ እታለም እላታለሁ። ጋራዡ ፊት ለፊት፣ ቤታችን ከኋላው ነው፤ የሳሎናችን በር የሚከፈተው በቀጥታ ወደ ጋራዡ ነው። እታለም መስኮቱ ሥር ባለው የስፌት መኪና ቀሚስ ትሰፋለች፣ ለአባቴ ደንበኞች ደግሞ የወንበር ልብስ። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር። ሁለት ሰው ለትዳር ጠይቋት ሁለቱንም በእኔ ምክንያት እንደመለሰች ያወቅሁት እኔ ራሴ ከወለድኩ በኋላ ነው። ያኔ የማውቀው ራስ ምታት እንዳለባት ብቻ ነበር።

ራስ ምታቷ ቅዳሜ ቅዳሜ አስር ሰዓት ላይ ነው የሚነሳባት። ፀጉሯን ትሠራለች፣ ሰማያዊ ቀሚሷን ትለብሳለች፣ እጄን ትይዛለች፣ ሦስት መንገድ ተሻግረን ፋርማሲ እንሄዳለን። ፋርማሲስቱ ትልቅ ሰውዬ ነው፤ በር ላይ ሲቆም ብርሃን ይጋርዳል። ድምፁ ግን የተኛ ሕፃን እንዳይቀሰቅስ እንደሚጠነቀቅ ሰው ነበር። ለእታለም ሁለት ክኒን በወረቀት ጠቅልሎ ይሰጣታል፣ ለእኔ ብርቱካን ብርቱካን የሚል ቫይታሚን። ከዚያ «ክብደትዎን ቢያዩት ጥሩ ነው፤ ለራስ ምታት ይጠቅማል» ይላታል።

እታለም ትልቁ ሚዛን ላይ ትወጣለች፣ እሱ መርፌው እስኪረጋ ድረስ ክንዷን ይይዛታል። መርፌው ለመርጋት ብዙ ጊዜ ይፈጅበት ነበር። ሁልጊዜ ሃምሳ ስምንት። እኔ ስወጣ ግን መርፌው ወዲያው ይረጋል። ሚዛኑ ለትልቅ ሰው የተሠራ ስለሆነ ነው እል ነበር። ሞኝ መሆን እንዴት ደስ ይላል!

አንድ ሰኞ ይኸው ፋርማሲስት በመኪና መጣ። ከሟች አጎቱ የወረሰው አሮጌ የስፖርት መኪና ነው፤ ጥቁር አረንጓዴ፣ ጣራ የሌለው፣ ሁለት ወንበር ብቻ ያለው፣ ወደ መሬት ዝቅ ከማለቱ የተነሳ እኔ እንኳ ከላይ ወደ ታች የማየው። ያን የሚያህል ሰውዬ ከውስጡ ሲወጣ ማየት ለብቻው ትርኢት ነበር። ቀለም ቀቢው ጎረቤታችን ብሩሹን አስቀምጦ ቆሞ አየው።

«ወደ ግራ ይጎትታል፣ ጋሼ» አለ ፋርማሲስቱ።

«አስራ አንድ ሰዓት ላይ ይምጡና ይውሰዱት» አለ አባቴ። እንዲህ ነበር፤ ለእሱ አንድ ቀን ከበቂ በላይ ነው።

ሲባጎውን በመኪናው ግራና ቀኝ ወጠረ። ቱንቢውን በጎማው ፊት አንጠልጥሎ ጎማው ምን ያህል እንደዘመመ ለካ። ከጎማው ጀርባ፣ መሪው ወደ ዳር ሲዞር ብቻ የምትታይ አንዲት ብሎን አለች፤ እሷ ትንሽ ዞር ስትል ጎማው ቀና ወይም ዘንበል ይላል። ምላሱን ነክሶ እሷን ዞር አደረጋት፣ ለካ፣ እንደገና ዞር። ልኩ ሲገኝ ሁልጊዜ የሚያደርገውን አደረገ፤ በቀጭን ብሩሽ ከብሎኗ ራስ እስከ ብረቱ ድረስ አንድ ነጭ መስመር አሰመረ። ብሎኗ ንቅንቅ ካለች መስመሩ ይሰበራል። «ፊርማዬ ነው» ይላል አባቴ፤ የሱ እውነተኛ ፊርማ ግን ምን እንደሚል ማንም አንብቦት አያውቅም።

በማግስቱ ፋርማሲስቱ ተመልሶ መጣ። የታመመ ሰው ዘመድ እንደሚያናግር ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አሁንም ይጎትታል» አለ።

የአባቴን ፊት ብታዩት! መኪና ተመልሶበት አያውቅም እኮ። ራሱ ነድቶት ዞረ፤ ቀጥ ብሎ ሄደ። ፋርማሲስቱ ነዳው፤ ጎተተ። አባቴ ነዳው፤ ቀጥ። ሰውየው ነዳው፤ ጎተተ። ከዚያ አባቴ ቱንቢውን ጎማው ላይ አንጠልጥሎ መሬት ላይ ተንበረከከና «ይቀመጡ» አለው። ተቀመጠ። «ይነሱ።» ተነሳ። «ይቀመጡ።» ያን ጠባብ በር ስድስት ጊዜ ገብቶ ስድስት ጊዜ ወጣ፤ ላቡ በጆሮው ሥር ወረደ።

«አገኘሁት!» ብሎ አባቴ ጮኸ። «በሽታው መኪናው አይደለም፣ እርስዎ ነዎት!»

ነገሩ ቀላል ነበር። መኪናው ላባ ነው፣ ሰውየው ደግሞ ላባ አይደለም። እሱ ሲቀመጥ ያ ጎን ዝቅ ይላል፣ ጎማው ይዘማል። ባዶውን ካስተካከሉት ባዶውን ሲሄድ ብቻ ነው ቀጥ የሚለው። ስለዚህ የሚቀመጥበትን ሰው ክብደት ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ነው መለካት ያለበት።

«ስንት ኪሎ ነዎት?» አለ አባቴ፣ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ።

«ዘጠና ሁለት።»

«ብቻዎን ነው የሚነዱት? ወይስ አጠገብዎ የሚቀመጥ ሰው አለ?»

ፋርማሲስቱ ጣራውን አየ፣ ሲባጎውን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየኝ። «ሰው... ይኖራል» አለ።

«በግምት አልሠራም። ስንት ኪሎ?»

«ሃምሳ ስምንት» አለ፤ ዓይኑን እንኳ ሳያሽ።

አባቴ በደስታ እርሳሱን ሊሰብረው ምንም አልቀረው። «እንዲህ ነው እንጂ ሰው! ሌላው ቢሆን ሃምሳ ምናምን፣ ስድሳ ገደማ ይለኛል!» ግማሽ ሚሊሜትር የሚያየው አባቴ አፍንጫው ሥር ያለውን ነገር ያላየው ለዚህ ነው፤ ትክክለኛ ቁጥር ሲሰማ ሌላው ነገር ሁሉ ይጠፋበታል።

እኔ ግን ያየኝን አስተያየት አልረሳሁም። ዛሬ ሳስበው ሰውየው ያየኝ ፈርቶኝ ነው፤ «ይህቺ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ የምታየውን ታወራ ይሆን?» ብሎ። ያኔ የገባኝ ሌላ ነው። ቫይታሚን የሚሰጠው ለእኔ፣ ሲናገር ያየው እኔን፤ ወንበሩ የእኔ ነው! ሃምሳ ስምንት ማለቱ ግን ለምንድን ነው? እታለምም ሃምሳ ስምንት ናት። አሰብኩ፣ አሰብኩና ደረስኩበት፤ የሴት ልጅ ትክክለኛው ክብደት ሃምሳ ስምንት ነው። እስክደርስ እየጠበቀኝ ነው ማለት ነው። ዳቦው የተጀመረው የዚያን ቀን ነው።

አባቴ አሸዋ አስመጣና እታለምን ሁለት ከረጢት እንድትሰፋ አዘዛት። «አንዱ ዘጠና ሁለት፣ አንዱ ሃምሳ ስምንት ኪሎ የሚይዝ» አላት። እታለም ክር መርፌው ውስጥ ስታስገባ ቀና ሳትል «ሃምሳ ስምንት?» አለች። «ልክ ሃምሳ ስምንት» አላት። ከንፈሯን ነክሳ፣ የራሷን ክብደት የሚይዝ ከረጢት ቁጭ ብላ ሰፋች፤ ጫፉንም ሁለት ጊዜ ደገመችው። እኔ ክሩን እየያዝኩላት ለምን እንደምትስቅ ብጠይቃት «አሸዋ ቀሚስ ሲለብስ አይቼ አላውቅም» አለችኝ።

አሸዋ ወንበሬ ላይ ሲቀመጥ ግን አልቻልኩም። ሃያ አራት ኪሎ ቀንሰህ በምትኩ እኔን አስቀምጥ ብዬ አባቴን ነዘነዝኩት። መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ አሰላው፣ ትክክል ሆኖ አገኘው። መኪና ተመልሶበት ስለማያውቅ ሁሉንም ከዜሮ ደጋግሞ ይለካ ነበርና በየቀኑ ከትምህርት ቤት መልስ አሸዋው ላይ ፊጥ ብዬ ንግሥት እሆናለሁ። «አትንቀሳቀሺ! ስትተነፍሺ እንኳ ቱንቢው ይሰማዋል!» ይለኛል ከታች። ቅዳሜ ሚዛን ላይ ስወጣ በሁለቱም ኪሴ ዳዶ ሞልቼ ነበር፤ ሃያ ሰባት መጣ። ፋርማሲስቱ ጎንበስ ብሎ «ስትራመጂ የምትንሿሺው ለምንድን ነው?» አለኝ። እታለም ፊቷን አዙራ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ እኔ ራስ ምታቷ ብሶባት መሰለኝ።

ሐሙስ ዘነበ። የጋራዡ ጣራ አፈሰሰና ትንሹን ከረጢት አራሰው። አባቴ አሸዋውን በጣቱ ነካ አድርጎ ምርር ብሎ ተበሳጨ፤ እርጥብ አሸዋ ክብደቱ አይታመንም። ሁሉም ነገር ተለክቶ የቀረው የመጨረሻዋ ብሎን ብቻ ነበረች።

«እህቴ!» ብሎ ወደ ሳሎን ተጣራ። «ነይ እስቲ፣ ለአምስት ደቂቃ እዚህ ተቀመጪልኝ። ስንት ኪሎ ነሽ?»

እታለም በሩ ላይ ቆመች። «እኔ እንጃ» አለች። «ሃምሳ ምናምን መሰለኝ።»

ምናምን! በሚሊሜትር ቤት ምናምን ይባላል? ደሜ ፈላ። «ሃምሳ ስምንት ነሽ እንጂ!» አልኩ ጮክ ብዬ። «አባዬ፣ ሃምሳ ስምንት ናት፤ ቅዳሜም ሃምሳ ስምንት፣ ያለፈው ቅዳሜም ሃምሳ ስምንት! ፋርማሲስቱ ራሱ ነው የሚመዝናት፣ መርፌው እስኪረጋ ክንዷን ይይዝላታል!»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እታለም መጥታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አደረገች። መኪናው ትንሽ ዝቅ አለ። ቱንቢው ተወዛወዘ፣ ተወዛወዘና ቆመ።

«ልክ መጣ» አለ አባቴ ከታች።

ከዚያ ቀስ ብሎ ተነሳ። እህቱን አየ፤ ወንበሩ ለእሷ የተሰፋ ልብስ ይመስል ነበር። እሷ ፊት ለፊት ጋራዡን አልፋ መንገዱን ታያለች። አባቴ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ መልሶ ሰካው። እኔ አባቴ በቁጥሬ ተገርሞ ነው ብዬ በኩራት ልፈነዳ ደረስኩ። እኔ ነኝ እኮ ያጋለጥኳት! አባቴ ግን ያን ሰዓት አንድ ነገር ብቻ ነበር የገባው፤ መኪናው ቀጥ ባለ ቀን እህቱን ይዞ ይሄዳል።

እታለም ወርዳ ቤት ስትገባ አባቴ ነጩን መስመር አሰመረ። ከዚያ ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ። ከቆየ በኋላ መፍቻውን አነሳና ያችኑ ያስተካከላትን ብሎን መልሶ አዞራት። መስመሩ ተሰበረ።

«አባዬ፣ ልክ ነው አላልክም?» አልኩት።

«ገና ነው» አለኝ።

እንዲህ ሆኖ ሦስት ሳምንት አለፈ። ሊያበላሸው የተነሳውን ነገር እንኳ መጀመሪያ ልክ ሳያመጣው ማበላሸት አይችልም ነበር፤ ብሎኗን ወደ መስመሩ ያመጣታል፣ አይቶ ራሱን ይነቀንቃል፣ መልሶ ይወስዳታል። ፋርማሲስቱ በየሁለት ቀኑ ይመጣል፣ «ትንሽ ይቀረዋል» ይባላል፣ አመስግኖ ይሄዳል። ቀለም ቀቢው «ሚሊሜትር ወደ ሜትር ተቀየረ እንዴ?» እያለ ሰፈሩን ያስቃል። እኔ ግን ገባኝ፤ የአባቴ ዓይን ደክሟል። መስመሩን ከእንግዲህ አያየውም። ዓይኑ ከደከመ ደግሞ አለቀልን፤ በትምህርት ቤት ደብተሬ ጀርባ ላይ «ጌታ ሆይ የአባዬን ዓይን» ብዬ ጽፌ ነበር።

አንድ እሑድ ጠዋት ወጥ ቤት በር ጀርባ ቆሜ ሰማኋቸው።

«ጋሼ፣ ያ መኪና ምን ሆኖ ነው?» አለች እታለም ሳህን እያጠበች።

«ገና አልተስተካከለም።»

«አንተ የጭነት መኪና በግማሽ ቀን ታስተካክላለህ።»

«ይሄ ስስ ነው።»

«ሦስት ሳምንት?» ሳህኑ ጠንከር ብሎ ተቀመጠ።

«ልጅቷስ?» አለ አባቴ።

«ልጅቷን መሸሸጊያ አታድርጋት። ልጅቷ የእኔም ልጅ ናት። የምሄደው ሦስት መንገድ ተሻግሬ ነው፣ ባሕር ልሻገር ነው እንዴ?»

«እኔ ሂጂም አትሂጂም አላልኩ።»

«እሱ ነው እኮ ያናደደኝ! አትሂጂ በለኝ፣ እኔም እንደ ሰው እመልስልሃለሁ። እኔን መከልከል አቅቶህ መኪና ታስራለህ?»

ለአባቴ ከስድስት ዓመት በላይ አብራው የኖረች እህቱ ናት፤ «አትሂጂ» ካላት እንደምትቀር ያውቅ ነበር። ለዚህ ነው አፉ እምቢ ያለው።

በሩ ጀርባ የነበረችው ሮንዴላ የገባት ሌላ ነው። ሦስት መንገድ ተሻግሮ፣ ከፋርማሲው ጎን፣ አዲስ መሣሪያ የገዛ ሌላ ጎማ አስተካካይ ነበር። እታለም መኪናውን ከአባቴ ነጥቃ እዚያ ልትወስደው ነው! የገዛ እህቱ! እንዲህ ያለ ክህደት በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። አባቴን ማዳን ያለብኝ እኔ ነኝ አልኩ።

ከምሳ በኋላ አባቴ ሲያንቀላፋ፣ እታለም ስትሰፋ፣ ጋራዥ ገባሁ። መሪውን በሁለት እጄ ወደ ዳር አዞርኩት። ብሎኗ ታየችኝ፤ ነጩ መስመር ለሁለት ተሰብሮ፣ ግማሹ ብሎኗ ላይ፣ ግማሹ ብረቱ ላይ። ሁለቱን ማገናኘት ነው፣ ሌላ ምን አለው? ዳዶውን አላላሁ። መፍቻውን ብሎኗ ላይ ሰካሁና ገፋሁ፤ ንቅንቅ አላለችም። እጀታው ላይ እንደ አባቴ ቧንቧ አስገብቼ ተንጠለጠልኩበት። እግሬ ከመሬት ተነሳ። ትንሽ ቆየችና «ሲጥጥ» ብላ ዞረች። ያ ሁሉ ዳቦ በከንቱ አልቀረም! መስመሩ ገጠመ፣ ዳዶውን ተንጠልጥዬ አጠበቅሁት፣ መሪውን መለስኩ፣ እጄን በቀሚሴ ጠረግሁ። ቀሚሱ ነጭ ነበር።

ሰኞ ጠዋት፣ ትምህርት ቤት ሳልሄድ፣ ፋርማሲስቱ መጣ። የዚያን ቀን ጋውን አልለበሰም፤ ኮት ለብሶ ነበር። «ጋሼ» አለ፣ «ዛሬ ቁርጡን ቢነግሩኝ።»

«ቁርጡማ ይኸው» አለ አባቴ። «ይግቡ፣ ይንዱት። ገና እንደሚጎትት በገዛ እጅዎ ያዩታል።» አባቴ ቀጭን ነው፤ ስድሳ ኪሎ አይሞላም። ሄዶ አጠገቡ ተቀመጠ፤ የማን ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ያሰበ አይመስለኝም።

እኔና እታለም በር ላይ ቆመን አየናቸው። መንገዳችን ረጅምና ቀጥ ያለ ነው። መኪናው ፍጥነት ሲይዝ የአባቴ እጅ ሲወዛወዝ ታየን፤ «ይልቀቁት» እያለው ነበር። ፋርማሲስቱ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ። መኪናው ወደ ግራ አላለም፣ ወደ ቀኝ አላለም። ያ ትልቅ ሰውዬ እጁን ሰማይ ላይ ሰቅሎ፣ አባቴ አጠገቡ ደርቆ፣ መኪናው በገመድ እንደተሳበ እስከ መንገዱ ጫፍ ድረስ ቀጥ ብሎ ሄደ። ቀለም ቀቢው «እሰይ ሚሊሜትር!» ብሎ አጨበጨበ። እታለም እጄን ጨምቃ ይዛ አመመችኝ።

ተመልሰው ሲቆሙ አባቴ ወርዶ መሪውን ወደ ዳር አዞረና መፍቻውን ይዞ ጎማው ጀርባ ተንበረከከ። መስመሩን አየው። መጀመሪያ ቀና ብሎ እታለምን አየ። ቀጥሎ እኔን፣ ከዚያ ከትናንት ጀምሮ ያላወለቅሁትን፣ ቅባት የነካውን ቀሚሴን። ሮጬ ሄጄ አንገቱን አቀፍኩትና በጆሮው «አባዬ፣ አትንገራቸው፣ እኔ ነኝ ያስተካከልኩት። ዓይንህ ደክሞ ነው እንጂ አንተ ጎበዝ ነህ» አልኩት።

መፍቻው እጁ ላይ ነበር። ፋርማሲስቱ ኮቱን ይጎትታል፣ እታለም በር ላይ ቆማ የቀሚሷን ጫፍ ትጠቀልላለች። አባቴ «ትንሽ ይቀረዋል» ቢል ማንም አይጠይቀውም ነበር፤ አንድ ጊዜ ዞር ማድረግ ብቻ ነው። ሲቆይ መፍቻውን መሬት ላይ አስቀምጦ ተነሳ።

«መኪናው አልቋል» አለ። ከዚያ ወደ እህቱ ዞረ። «ግቢ እንግዲህ፤ በአንቺ ኪሎ ነው የተሠራው።»

እታለም መኪናው ውስጥ አልገባችም። መጀመሪያ ሮጣ መጥታ አባቴን ግንባሩን ሳመችው፣ «ጋሼ፣ ጋሼዬ» እያለች አለቀሰች። እስከ ዛሬ ድረስ ያን መኪና አባቴ በገዛ እጁ ያስተካከለላት ነው የሚመስላት። ይህን ካነበበች ጉድ ፈላ።

ከዚያ ገብታ ወንበሬ ላይ ተቀመጠች። ወንበሬ ላይ! መሬት ላይ ተንከባልዬ «የእኔ ነው!» እያልኩ ያለቀስኩት ለቅሶ ሦስት መንገድ ተሻግሮ ተሰምቶ መሆን አለበት። አባቴ አንስቶ ትከሻው ላይ አደረገኝ። እየወሰዳት ያለው መኪና ሲርቅ የሁለታችንም እንባ እኩል ነበር የሚፈሰው፤ እኔ ለወንበር፣ እሱ ለእህቱ። ለማን እንደማለቅስ ያወቅሁት በሳምንቱ የስፌት መኪናዋ ከመስኮቱ ሥር ሲነሳ ነው።

እርግጥ ሦስት መንገድ ነው፤ ባሕር አይደለም። በየቀኑ ትመጣ ነበር፣ ቅዳሜና እሑድ እኔ እነሱ ጋ ነበርኩ። ራስ ምታቷም ከዚያ ወዲህ ተነስቶባት አያውቅም።

አሁን ጋራዡ የእኔ ነው። አባቴ ሰማንያ አልፏል፤ ጠዋት ጠዋት መጥቶ ወንበር ላይ ይቀመጥና ኮምፒውተሬን ይሳደባል። ባለፈው ወር ሥራ በቀዘቀዘበት ቀን ጠየቅሁት። «ያን ቀን መፍቻው እጅህ ላይ ነበር። ለምን መልሰህ አላዞርካትም?»

የረሳው መስሎኝ ነበር።

«የራሴ ሥራ ቢሆን ኖሮ አዞራት ነበር» አለኝ። «በየቀኑ ሳዞራት ነው የከረምኩት፣ አላፍርም። ግን ያ የአንቺ የመጀመሪያ ሥራ ነበር። ልክ ነበር ደግሞ። የልጄን የመጀመሪያ ሥራ ላበላሽ?»